የድንኳኑ አንቀጽ

የኪራይ ውሉን የሚጽፈው ቃል ተቀባይ የሚመጣበት ቀን ሐሴት ከወትሮው ቀድማ ተነሥታ ግቢውን ዞረችው። ላያት ሰው ዕቃ የጠፋባት ትመስል ነበር። ከቧንቧው ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ፣ ከገመዱ ወደ ሎሚው ዛፍ፣ ከዛፉ ወደ አከራይዋ ወደ ጋሽ ያፌት ቤት በምትወስደው የጠጠር መንገድ ሄደች። በየደረሰችበት ቆም እያለች በልቧ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይቺን ብናስመዘግባት ስንት ታስወጣናለች?»

በከተማው ግቢውን እንዲህ የሚዞር ሰው በዝቷል። የነባር ኪራዮች ምዝገባ ከታወጀ ወዲህ በውሉ ላይ ያልሰፈረ ነገር በግቢው ውስጥ አይደረግም። አይደረግም ማለት ደግሞ እንደ ድሮው «ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፎ ሰው እያየው የሚያልፈው ዓይነት አይደለም። በሩ አይከፈትም፤ ቧንቧው ውሃ አይሰጥም፤ መብራቱ አይበራም። ከታች ሰፈር እነአሜን ገንዘብ ቢያጥራቸው እንግዳ መቀበልን ሳያስመዘግቡ ዘለሉት። አሁን የአሜን እኅት እሑድ እሑድ ልትጠይቃት ስትመጣ ወንበሯን ተሸክማ ነው። እሷ ከበሩ ውጭ፣ አሜን ከበሩ ውስጥ ተቀምጠው በፍርግርጉ መሃል ይጫወታሉ። መጀመሪያ ሰሞን መንገደኛው ቆሞ ያያቸው ነበር፤ አሁን ግን ማንም ዘወር ብሎ አያይም።

ለእያንዳንዱ ልማድ አንድ አንቀጽ አለ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ የማረጋገጫ፣ የመመዝገቢያና የማቆያ ክፍያ አለ። ስንት ቦታ እንደሚይዝ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ስንት ሰው እንደሚነካ ታይቶ ይተመናል። ልብስ ማስጣት ርካሽ ነው። ከቤት ወደ ቤት ጮክ ብሎ መጣራት ይወደዳል፤ ጎረቤት ይሰማዋላ። ከሁሉም የሚወደደው ግን ድንኳን መጣል ነው። ድንኳን ቀንና ሌሊት ይቆማል፤ ያልተጠራ ሰው ሁሉ ይገባበታል፤ ያልተጠራ ሰው ደግሞ በዚህ ዘመን የሚፈራ ነገር ነው።

ሐሴት ቡፌዋን የሸጠችው ለዚሁ ለድንኳኑ ነበር። ባለመስታወቱን ቡፌ፣ ሶፎንያስ ሲያገባት ከእናቱ ቤት በጋሪ አስጭኖ ያመጣውን፣ ለእንግዳ እንኳ የማይወጡ ብርጭቆዎች የሚደረደሩበትን። የጥንት ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ሰው እጁን እያፋተገ ወሰደላት። ጋሽ ያፌት ቡፌው የት ሄደ ብሎ ቢጠይቃት ምስጥ በላው አለችው። እሱም አላመናትም።

ልጅ የላትም። ሞትን አትፈራውም፤ በዚህ ዕድሜ ከሞት ጋር ሰላምታ ተለዋውጠዋል ማለት ይቻላል። የምትፈራው አዳራሹን ነው። ግቢው የድንኳን አንቀጽ የሌለው ሰው ሲሞት ለቅሶው በሐዘን አዳራሽ ነው። አንዴ የሶፎንያስ የአጎት ልጅ ሞቶ ሄዳለች። ቀጠሮ ይዘው ገቡ፤ የሟቹ ምስል በግድግዳው ላይ ፈገግ ብሎ አያቸው፤ ገና እንባቸው ሳይደርቅ ብርሃኑ ቀለሙን ለወጠ። ተነሡ ማለት ነው። ሲወጡ የሌላ ሟች ለቀስተኞች በር ላይ ተሰልፈው እግራቸውን እያፈራረቁ ይጠብቁ ነበር። ሐሴት የዚያን ቀን ቤቷ ገብታ «እኔን እዚያ እንዳትወስዱኝ» ብላ ተናገረች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማት ሰው አልነበረም።

የባሏ የሶፎንያስ ለቅሶ ግን እንደዚያ አልነበረም። እሱ በሞተ ጊዜ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ጋሽ ያፌት መኪናውን ከግቢ አውጥቶ መንገድ ላይ አቆመ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው ሲመጡ ካስማው የሚመታበትን ቦታ እሱ ራሱ አሳያቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ሰው ተቀበለላት፤ ሦስት ቀን ሙሉ የግቢው በር አልተዘጋም። ተከራይ ነሽ፣ ከየት ይጣልልሽ ያላት አልነበረም። ውል የሚባልም አልነበራቸውም። የጋሽ ያፌት እናት እማማ ሮማን ያኔ ቤቱን ሲያከራዩአቸው የተናገሩት ቃል «ግቡ፤ በር ስትዘጉ አታንጓጉ» የሚል ብቻ ነው። እነሱም ገቡ፤ በሩንም ሳያንጓጉ ሲዘጉ ኖሩ።

ቃል ተቀባዩ ረፋድ ላይ መጣ። ከፔርሙዝ የማይበልጥ፣ የሚናገር ማሽን ነው። በሎሚው ሥር ጋሽ ያፌት ባስቀመጠለት በርጩማ ላይ ወጥቶ ተደላደለ። ጋሽ ያፌት ኮቱን ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ ነበር። ሐሴትም ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ሁለቱም ሽማግሌ ፊት የቀረቡ ባልና ሚስት መስለዋል።

«እንደምን አደሩ» አለ ቃል ተቀባዩ። «የምጽፈው የተነገረኝን ብቻ ነው። ጥያቄው ከአንደኛው አፍ፣ ፈቃዱ ከሌላኛው አፍ መውጣት አለበት። ውሉ ነገ ሲነጋ ይጸናል። ያልተነገረ ነገር ከዚያ በኋላ ቀሪ ነው። ምን ልጻፍ?»

ጋሽ ያፌት ጉሮሮውን ጠረገ። «ትኑርበት ብለህ ጻፍ።»

«መኖር በዝርዝር ይገለጽ።»

«እንዴት ነው መኖር የሚዘረዘረው? ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ትበላለች።»

«መተኛት፣ መነሣትና መብላት በቤት ኪራይ ውስጥ ተካተዋል። ከቤት ቤት ምግብ መላላክ አለ?»

«ሞልቶ!»

«በዓመት ስንት ጊዜ?»

ሁለቱ ተያዩ። «እንደመጣልን» አለች ሐሴት።

«እንደመጣልን የሚል ተመን የለም።»

«ለጾም ፍቺ፣ ደግሞ ጋሼን ጉንፋን ሲይዘው፣ ደግሞ ወጥ ሲተርፈኝ።»

«ሆን ብላ ነው የምታስተርፈው» አለ ጋሽ ያፌት።

«ሆን ተብሎ የሚተርፍ ምግብ በስጦታ ይመደባል፤ ስጦታ የራሱ ክፍያ አለው።»

«እንግዲያው ሳላስበው ነው የሚተርፈኝ ብለህ ጻፍ» አለች ሐሴት ቶሎ ብላ። ጋሽ ያፌት ሳቁን በእጁ ሸፈነ።

እንዲህ እያሉ ሄዱ። በሎሚው ሥር መቀመጥ ገባ፤ ሎሚ መቅጠፍ ቀረ። ቧንቧው ገባ፤ ከቧንቧው ሥር ቆሞ ማውራት ተወደደባቸውና ቀረ። በር ሳያንኳኩ መግባትን ጋሽ ያፌት አጥብቆ ፈለገው። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቆ ያነሣችው ሳታንኳኳ የገባችው ሐሴት ነበረችና። ዋጋው ግን አልተቻለም። «አንኳኪ፤ እየወደቅሁም ቢሆን ግቢ እላለሁ» አለ በመጨረሻ። እሱም ቀረ።

ሐሴት በመሃል ትዝታ ወሰዳት። ልጅ ሳለች አባቷ ቤት ሲከራይ ውል ወደሚጸድቅበት ቢሮ ይዟት ሄዶ ነበር። ሰልፉ አስፋልት ላይ ወጥቶ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶው፣ ምስክሮቹ «ማን ነበር ስሙ?» እየተባባሉ ሲያሾከሹኩ፣ ማኅተም የምትመታው ሴትዮ ጠረጴዛውን የተጣላችው ይመስል በጡጫ ስትደቃው። አባቷ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሲራገም ዋለ፤ ማታ ግን አከራያቸው ቤት እራት ተጋብዘው ገቡ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተጣለ፤ ከዚያ ወዲያ ያነበበው ሰው የለም። ጎረቤት ገብቶ ወጣ፤ ልጆች አጥር ዘለሉ፤ ሠርግም ተደገሰበት። ውሉ ያን ሁሉ አያውቅም ነበር። ሐሴት ዛሬ ያቺን የተቆጣች ሴትዮ እንኳ ብታገኛት ጉንጯን ትስማት ነበር።

የገንዘቧን ነገር ጋሽ ያፌት ታዝቧል። ርካሹን ሁሉ «ይቅር፣ ይቅር» ስትል ቆይታለች። እሱም ቢሆን ያለውን ገንዘብ ሁሉ አላወጣም። ለዓይኑ ሕክምና ያስቀመጣት ገንዘብ እንደነበረችው ሐሴት ታውቃለች፤ ለዚያ ነው ብላ ደስ አላት።

«ከተከራይ ወገን ሌላ አለ?» አለ ቃል ተቀባዩ።

ሐሴት አፏን ከፈተች። ሌሊቱን ሙሉ ስታዘጋጀው ያደረችው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? ሚስቱን ለቀበረ፣ በዕድሜም ለሚበልጣት ሰው፣ በገዛ ግቢው ተቀምጦ «ስሞት ድንኳኔን ከዚህ ጣልልኝ» ይባላል? ቢሰማ ምን ይላታል? «እስከ ዛሬ ትከለክለኛለህ ብለሽ ነው የኖርሽው?» አይላትም? መጠየቁ ራሱ ስድብ ነው። ሶፎንያስን ያለ ጥያቄ የሸኘላትን ሰው ዛሬ ፈቃድ ብትለምነው፣ ያ ሁሉ ውለታ ምን ሊባል ነው?

«የለም» አለች።

«ከአከራይ ወገን?»

ጋሽ ያፌት ኮቱን ጠረገ። ምንም አልነበረበትም። «የለም» አለ እሱም።

«ከመዝጋቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከነገ ንጋት ጀምሮ በተከራይዋ ደጃፍ ያለው ግቢ በተከራይዋ እጅ ነው። ባለቤቱ በዚያ ላይ ለሚያደርገው ማናቸውም ነገር የእሷ ፈቃድ ያስፈልገዋል።»

ጋሽ ያፌት ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «አንዲት ነገር አለችኝ» አለ፤ ሐሴትን ግን አላያትም። «ሐሴትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ቀኔ የደረሰ እንደሆነ… ድንኳኑ እዚሁ እንዲጣል ብትፈቅጂልኝ። ከደጃፍሽ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ክፍያውን ይዣለሁ፤ ዓይኔ ይቆይ።»

ሐሴት ደሟ ፈላ። «ምን አልክ? ከእናትህ ግቢ፣ ለራስህ ለቅሶ፣ እኔን ታስፈቅደኛለህ? ይኼን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እከለክልሃለሁ ብለህ ነው የኖርከው? ይኼን ያህል ነው የምታውቀኝ?»

ተናግራ ስታበቃ ደነገጠች። ከእሱ አፍ ይወጣል ብላ የፈራችው ቃል አንድም ሳይጎድል ከራሷ አፍ ወጥቷል። ሳቅ ያዛት። ሳቁ እንባ ይዞባት መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ቡፌውን ምስጥ አልበላውም፤ ሸጥኩት» አለችው። «ለድንኳን ነው የሸጥኩት። አዳራሽ እንዳይወስዱኝ ብዬ። አንተን መጠየቅ አፍሬ።»

ጋሽ ያፌት ወደ እሷ ዞረ። «አፈር ስሆን፣ ሐሴት!» አለ። «አፈር ስሆን! እኔን?»

«ፈቃድ ተሰጥቷል?» አለ ቃል ተቀባዩ።

«ተሰጥቷል!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ለየብቻ የያዛችሁት አይበቃም፤ የሁለታችሁ ቀሪ ገንዘብ ተደምሮ ግን ለአንድ ድንኳን ይበቃል። በማን ስም ይጻፍ?»

«በሷ» አለ ጋሽ ያፌት።

«ኧረ በሱ!» አለች ሐሴት።

«በሷ ጻፍ ብዬሃለሁ። እኔ ግድ የለኝም፣ አዳራሽም ይውሰዱኝ። ግድግዳ ላይ ፈገግ እላለሁ።»

«ግቢው የእናቱ ነው፤ በሱ ይጻፍ።»

«ቀድሞ የሞተው ይውሰደው ማለት አይቻልም?» ብሎ ጠየቀ ጋሽ ያፌት።

«አንቀጹ የታወቀ ስም ይፈልጋል።»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን አገሬው ያውቀዋል። ቅደሚ፣ ኧረ አንተ ቅደም፣ በሞቴ፣ በእኔ ሞት እያሉ ክንድ ይያያዛሉ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ይጠብቃል፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል። እነዚህ ሁለቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት ደጃፍ ሁሉ እንዲህ ሲሆኑ ኖረዋል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሁልጊዜ አንዱ ገፋ አድርጎ ሌላውን ያስገባዋል። ዛሬ የሚገፋ ጠፋ። ሐሴት በእማማ ሮማን ነፍስ ማለችበት፤ እሱ በሶፎንያስ አጥንት ማለባት። እሷ ተነሥታ ወደ ቤቷ ልትገባ አለች፤ እሱ ነጠላዋን ይዞ አስቀመጣት። ሁለቱም በልባቸው ሌላው የሚሸነፍበትን ጊዜ ይጠብቁ ነበር፤ ሁለቱም ይህን ነገር መልካምነት ነው ብለው ነበር የሚያስቡት።

«የተመደበው ሰዓት አብቅቷል» አለ ቃል ተቀባዩ። «ስም ላይ ስምምነት ስላልተገኘ አንቀጹ ቀሪ ሆኗል። ቀሪው ገንዘብ ለየባለቤቱ ይመለሳል። መልካም ኑሮ።»

ከበርጩማው ወርዶ ሄደ።

ከዚያ ሐሴት ጮኸች። «አንተ ነህ! ግትር! እሺ ብትል ምን ነበረበት?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ሴት ነኝ፤ ልመናዬን ብትሰማኝ ምን ነበረበት?»

«አሁን ይኼ ምን ይባላል?» አለ ጋሽ ያፌት። «እርስ በርሳችን ተከባብረን ሁለታችንም ያለ ድንኳን ቀረን።»

ሐሴት አላጽናናችውም። እውነት ነበርና። ሁለቱም አዳራሹን እያሰቡ፣ በየፊናቸው መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ። ጸሐይዋ ከአናታቸው ላይ ስትወርድ ሐሴት ቀና አለች።

«ነገ ሲነጋ ነው ያለው አይደል?»

«ምኑ?»

«ውሉ የሚጸናው። እስከዚያ ድረስ ግቢው የድሮው ነው።»

«እስከዚያ ድረስ መሞት እችላለሁ ብለሽ ነው?» አለ ጋሽ ያፌት። ቀልዱ የመረረ ነበር።

«የቁም ተዝካር ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አልሰማም። ሐሴትም የሰማችው ከአያቷ ነው፤ አያቷም ከእናታቸው። ድሮ፣ እጅግ ድሮ፣ ልጅ የሌለው ሰው ከሞትኩ በኋላ ማን ያስታውሰኛል ብሎ ተዝካሩን በቁሙ ያወጣ ነበር። ደግሶ፣ አገር ጠርቶ፣ ከመሃል ይቀመጥና የሚመጣውን ሁሉ በዓይኑ ያያል። ይህን ስትነግረው ጋሽ ያፌት መጀመሪያ አማተበ። ቀጥሎ ኮቱን አወለቀ። «መኪናዋን ላውጣ» አለ።

የእድሩ ሊቀ መንበር እትዬ ሶሊያና ሲደወልላቸው በድንጋጤ «ማን ሞተ?» አሉ።

«እስካሁን ማንም» አለች ሐሴት።

«ታዲያ ድንኳኑን ምን ልታደርጉት?»

«ልንቀመጥበት ነው። ለዛሬ ብቻ። ነገ አይቻልም።»

እድሩ ድንኳኑን ካወጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በሰፈሩ አንቀጹን መክፈል የቻለ የለም። «ሟርት ይሆንብናል» አሉ እትዬ ሶሊያና። ትንሽ ቆዩና «ካስማው ተሰብስቦ መቀመጡን ልይ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሲያስቡት የቆዩ ይመስል በአንዴ መጡ።

ድንኳኑ ሲዘረጋ የታፈነ የቁም ሳጥን ሽታ አወጣ። በተመለሰው ገንዘብ ዳቦና ንፍሮ ተገዛ፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከየቤቱ መጣ፤ ሆን ተብሎ የተረፈ ይሁን ሳይታሰብ ብሎ የሚጠይቅ ማንም አልነበረም። የግቢው በር ተበረገደ። ሰው መጀመሪያ በበሩ በኩል እያጮለቀ አለፈ፤ ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ገባ። ልጆች ድንኳን ምን እንደሆነ አያውቁምና ገብተው ወጡ፤ ማንም አልተቆጣቸውም። ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ጉልበታቸው የሌላ ሰው ጉልበት ነካ፤ ይህን ከረሱት ቆይተው ነበር።

መጀመሪያ ሳቁ። ማንን እንደሚያጽናኑ አላወቁማ። የመጣ ሰው ለሐሴት «እግዜር ያጽናሽ» ይልና ወዲያው «እንኳን ደስ አለሽ ነው የምልሽ ወይስ…» እያለ ይደነቃቀፍ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ድንኳኑ ሥራውን ጀመረ። አንዱ ጋሽ ያፌት ልጁን መኪና መንዳት ያስተማረለትን አነሣ። አንዷ በወሊዷ ሰሞን ሐሴት አርባ ቀን ሙሉ ልብሷን ያጠበችላትን ተናገረች፤ ሐሴት ራሷ ረስታው ነበር። ሰዎቹ ሲያወሩ በ«ነበረች» እና በ«ነበረ» ጀመሩ፤ የሚያርማቸው አልተገኘም። ከዚያ የሚያለቅስም ተገኘ።

ሐሴት ውሃ ልታቀርብ ብድግ ስትል በሩን አየች። ጋሽ ያፌት ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ ተከናንቦ በሩ ላይ ቆሟል። የሚገባው ሰው ሁሉ ትከሻውን እየያዘ ያጽናናዋል፤ እሱም ጎንበስ እያለ ይቀበላል። አንድ ሰው «ሐዘኑ በማን ነው ጋሼ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማች።

«በሐሴት» አለ። «ያለ እሷ ይቺ ግቢ ምን ትሆናለች?»

ድምፁ እየተሰባበረ ነበር። ዓይኑ ደህና ስለማያይለት ከዚያ ከድንኳኑ ጥግ ቆማ እንደምታየው አላወቀም። ሐሴት ጆጉን ይዛ ቆመች። ሳትሞት ያለቀሰላትን ሰው አየች፤ በዚያች ሰዓት አዳራሹ ከልቧ ወጣ። ቀጥሎ እሱ የማይኖርበትን ማለዳ አሰበችና፣ ሁሉም ሰው እያያት፣ እሷም ለእሱ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች።

ጸሐይ ስትጠልቅ ድንኳኑ ተነሣ። የእድሩ ሰዎች ጠቅልለው ተሸከሙት፤ አግዳሚው ወጣ፤ ሰው እየተሳሳመ ሄደ። በሩ ላይ የቀሩት እትዬ ሶሊያና ብቻ ነበሩ። አንድ እጃቸውን ለእሷ፣ አንድ እጃቸውን ለእሱ ሰጥተው፣ በሕይወት ላሉ ሰዎች ምን እንደሚባል ቢጠፋቸው ለለቅሶ የሚባለውን አሉ።

«እግዜር ያጽናችሁ። ተጽናኑ።»

ጋሽ ያፌት አቀርቅሮ ጋቢውን ሰበሰበ።

«ተጽናናን» አለች ሐሴት፤ ከልቧ ነበር።